ምስጋና ለአሞራ ገደል ባለቢላዎች፣ ዓሣ ሊገዛ ለሚሄድም ጥቆማ

ሰላም የሐዋሳ ቤተሰቦች። ሐዋሳ ሲመሰገን ፍቅር ሐይቅ፣ ታቦር ተራራና የሪዞርቶቹ ግቢ ነው የሚነሣው። ይሁን፣ የሚገባቸው ነው። የእኛ ምስጋና ግን አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ እርጥብ ጣውላ ላይ አቀርቅረው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ለሚበልቱት ወጣቶችና እናቶች ነው። የምንጽፈው ከእነሱ ዘወትር የምንገዛ የምግብ ቤት ሰዎች ነን። ስም ለይተን አንጠራም፤ ሥራው የአንድ ሰው አይደለማ። አንዱ ቅርፊት ያራግፋል፣ አንዱ ይበልታል፣ ሌላዋ ቆዳ ትገፋለች፣ ትንሹ ልጅ ውሃ ያቀብላል።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው፦ አሞራ ገደል ከተማ መሀል የቀረ የሐይቅ ዳር መንደር ማለት ነው። በር ላይ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ትልልቆቹ ዋርካዎች ሥር ናችሁ። ከላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ፤ ጦጣዋ የያዛችሁትን ሙዝ ከእናንተ ቀድማ ስላየችው ቦርሳችሁን ዝጉ። ዳር ላይ በቀለም የተዥጎረጎሩ የእንጨት ጀልባዎች፣ በእግራቸው ጣት መረቡን ወጥረው ቀዳዳ የሚጠግኑ አጥማጆች፣ የሾርባ ድስት የጣዱ እናቶች። በመሀላቸው ደግሞ ካፖርት ደርቦ ደሞዝ የሚጠብቅ ጡረተኛ የመሰለው አባ ኮዳ። አባ ኮዳ ከሰው እጅ መቀበል የለመደ ወፍ ነው፤ ምንቃሩ ከትንሽ ልጅ ፊት ጋር እኩል ስለሚሆን ልጆች በእጃቸው እንዲያጎርሱት አትፍቀዱ።

መረብ ከሰዓት በኋላ ይጣላል፣ ያድራል፣ ንጋት ላይ ይነሣል። ጀልባዎቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ዳር ይደርሳሉ፤ 3 ሰዓት ካለፈ የቀረላችሁ የሌላ ሰው ምርጫ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ በጀልባ ዞር ማለት ለሚፈልግም ጠዋቱ ይሻላል። ጉማሬ አሳዩን ብላችሁ ባለጀልባውን ጠጋ በል አትበሉት፣ የሕይወት አድን ጃኬት ሳትለብሱም አትነሡ። ስለ ጀልባው ይብቃን።

ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር አለ። አመሻሽ ላይ መረብ ውስጥ የገባውና ሊነጋጋ ሲል የገባው ዓሣ በአንድ ጀልባ፣ በአንድ ክምር ነው የሚመጡት። የመጀመሪያው ሞቶ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰዓት ያደረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ የወጣ ነው» የሚለው ቃል እውነት ሆኖም አይበቃም። የጉንጩን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን እዩ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ፣ ወደ ቡናማ ከሄደ ተዉት። ዓይኑ ጎላ ብሎ ጥርት ያለ ይሁን። ሆዱን በአውራ ጣት ስትጫኑት ጉድጓዱ መመለስ አለበት። ትከሻው ላይ የመረብ ክር መስመር ማየት ግን አያስደነግጣችሁ፤ የተያዘበት ምልክት እንጂ ብልሽት አይደለም። እንደ እንጨት ግትር ያለ ዓሣም አልተበላሸም፣ እንዲያውም ገና ትኩስ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁኔታ በግድ አቃንተው ሲበልቱት ሥጋው ይሰነጣጠቃል። ባለቢላዎቹ «ይህን ትንሽ እናቆየው» ሲሏችሁ ሌላ ሰው ሊያስቀድሙ መስሏችሁ አትቆጡ።

አሁን ወደ ቢላው። የቆሮሶ ጀርባ ከ16 እስከ 18 ሹል እሾህ አለው፤ ሲወጋ እጅ ያሳብጣል፣ ስለዚህ ዓሣው የሚያዘው ከጭንቅላቱ በኩል ክንፉን ወደ ጅራት አስተኝቶ ነው። የመጀመሪያው ቆረጣ ከጉንጩ ክዳን ኋላ፣ ከጎን ክንፉ ሥር በሰያፍ ወርዶ አከርካሪው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቀጥሎ ቢላው ይጋደምና ከጀርባው በኩል አጥንቱን እየዳበሰ ወደ ጅራት ይሄዳል። ጆሮ ላለው ሰው ጭር፣ ጭር የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከጠፋ ቢላው ከአጥንቱ ርቋል ማለት ነው፤ ሥጋ አጥንት ላይ እየቀረ ነው። ጎድን ላይ ሲደርሱ አይቆርጡትም፣ ከላይ ከላዩ ገፈው ያልፉታል። የሙያው ቁልፍ ይህ ነው፦ ሆዱ ሳይከፈት ሁለቱም ጎን ይወጣል፤ አንጀትና ሐሞቱ እዚያው አጥንቱ ውስጥ እንደታሰረ ይቀራል። ቤት ውስጥ ስንሞክረው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሆዱን ስንቀድ ሐሞቱ ይፈነዳል፣ ሥጋው አረንጓዴ ይነካዋል፣ ምሬቱ ደግሞ በእጥበት አይለቅም።

ቆዳውን ለመግፈፍ ቁራጩን ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ያስተኙታል፤ የጅራቱን ጫፍ በጨው ወይም በጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ። ከዚያ ቢላውን አይገፉም፣ ቆዳውን ነው ወደ ራሳቸው የሚጎትቱት። መጨረሻ ላይ ከፊት በኩል መሀል ለመሀል የተደረደሩትን ጥቃቅን አጥንቶች በጣት ዳብሰው፣ በሁለት ሰያፍ ቆረጣ እንደ ክር ያወጧቸዋል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ ሰው ሲበዛ አንዳንዱ ይዘለዋል፤ ለልጅ የምትገዙ ከሆነ «ወንድሜ፣ የመሀል አጥንቷን አውጣልኝ» በሉ፣ ያወጣላችኋል።

ከ3 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ 1 ኪሎ ገደማ ፊሌቶ (ከአጥንት የተለየ ሥጋ) ይገኛል። «ዓሣዬን ሰረቁኝ» የሚለው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ ሒሳብ ነው የሚመጣው። ቀሪው ጭንቅላት፣ አጥንትና ቆዳ ነው፤ የምትፈልጉት ከሆነ ከመጀመሪያው ተናገሩ፣ አለዚያ ለአባ ኮዳ ይወረወራል። ለሾርባ ከእሱ የተሻለ የለም። ስንጥቡን ግን ነቅላችሁ ጣሉ፣ ካልወጣ ሾርባው ይመራል። ግማሽ ሰዓት ቢፈላ ይበቃዋል፤ በዛ ካለ ይደፈርሳል።

አምባዛ ሌላ ዓለም ነው። ቅርፊት የለውም፣ ዝልግልግ ነው፣ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ብዙ ይቆያል። የሚንቀሳቀስ አምባዛ ካገኛችሁ ስለ ትኩስነቱ መጠየቅ አያስፈልግም። ሁለቱ የጎን እሾሆች በቅድሚያ ይነሣሉ፤ ከዚያ ጭንቅላቱ ዙሪያ ቆዳው ተቀዶ በፒንሳ ተይዞ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በእምነቱ ምክንያት የማይበላ እንግዳ ካላችሁ ቆሮሶው በሌላ ጣውላና በታጠበ ቢላ እንዲበለት ጠይቁ። እናቶቹ ጉዳዩን ያውቁታል፣ ማብራራት አይጠበቅባችሁም። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ሥጋው ጣፋጭ፣ አጥንቱ ሹካ መሳይና ብዙ ነው። ለፊሌቶ አትግዙት፤ በቢላ ጠቅጥቀው ለዱለት ወይም ለኮተሌት ያዘጋጁላችሁ።

ቢልጫን ካነሣን፣ ትልቁን አትምረጡ። ትልቁ ቢልጫ ትንንሽ ዓሣ እየበላ ስለሚያድግ ሜርኩሪ በሰውነቱ ይከማቻል፤ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በትልልቆቹ ላይ ከፍ ያለ መጠን አግኝተዋል። ነፍሰ ጡር ሴትና ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ቆሮሶ ይሻላል፤ የቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ይህ ችግር በእሱ ላይ አነስተኛ ነው።

በጥሬው በዳጣ ስለሚበላው ዓሣም እውነቱን እንናገር፤ ጣዕሙን አንክድም። ፔሊካንን የመሰሉ ዓሣ በል ወፎች ሆድ ውስጥ የሚኖር ትል አለ። እንቁላሉ በኩሳቸው ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ በጥቃቅን የውሃ ነፍሳት በኩል ዓሣው ጋ ይደርሳል፣ ቆሮሶ ውስጥ ደግሞ ልብ አካባቢ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሆድ ሳይከፍቱ መበለት እዚህም ይጠቅማል፣ ነገር ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይገድለውም፤ ዳጣውም እንደዚያው። የሚገድለው እሳት ነው፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ። የቤት ፍሪዘር ሁሉ እዚያ አይደርስም። ለብለብ የሚወድ ሰው ቢያንስ መሀሉ ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ እስኪፈረካከስ ይታገሥ።

ውሃውን ተከታተሉ። ጥንቁቆቹ የተበለተውን የሚያለቀልቁት በቧንቧ ውሃ ነው፤ የሚቸኩለው ግን ከዳር ይቀዳል። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም። የገባው ቆሻሻ እዚያው ነው የሚቀረው፤ ዳሩ ላይ ደግሞ ሰውም ከብትም ወፉም አለ። ሁለት ሊትር የሃይላንድ ውሃ ይዛችሁ ሂዱና «በዚህ አለቅልቁልኝ» በሉ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ወደ አዳማ ወይም አዲስ አበባ የምትወስዱ፦ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ አስቡ። ፊሌቶውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ከታች፣ ዓሣ፣ በረዶ፣ ዓሣ፣ በረዶ ከላይ። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ሆዱ ተጸድቶ ወደ ታች ይደፋ፣ የቀለጠው ውሃ እንዲወርድ። ሣጥኑ ሥር ቀዳዳ ከሌለ ዓሣው በራሱ እጣቢ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በበረዶ ማሳበብ የለም። ሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ግን ፀሐይ አለች፤ ሣጥኑ ውስጥ ይግባ።

ሁዳዴ ላይ ወረፋው ይረዝማል፣ ዋጋውም ይወጣል፤ ለዚህ ነው እዚህ ዋጋ ያልጻፍነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወው። የሚያሳስበን ሌላ ነው። የሐዋሳ ቆሮሶ በብዛት ከሚራባባቸው ወራት አንዱ ክፍል ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ነው፣ ይኸው የጾም ገበያው የሚጦፍበት ጊዜ። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ በእነዚህ ወራት ባለቢላው የዓሣዋን አፍ ሲከፍት እንደ ሽምብራ ክክ ቢጫ የሆነ እንቁላል ጣቱ ላይ ሲፈስ ታያላችሁ። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የመረብ ዓይን (የቀዳዳው ስፋት) ጉዳይ ግን የሚታየው ወረቀት ላይ ሳይሆን የዓሣው ክምር ላይ ነው። ባለሙያዎች ለቆሮሶ የሚመክሩት መረብ ዓይኑ በሁለት ተቃራኒ ቋጠሮ ተይዞ ሲወጠር 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ነው። ከዚያ የጠበበ መረብ አንዴም ሳትራባ ያስቀራታል። ጥሩዎቹ ባለቢላዎች መዳፍ የማትሞላ ቆሮሶ ሲሰጧቸው «ይህቺ ሥጋ የላትም» ብለው ይመልሷታል። ገዢ ሁሉ እንደነሱ ቢመልስ አጥማጁ መረቡን ይቀይር ነበር።

የማጽጃው ሒሳብ ከዓሣው ዋጋ የተለየ ነው፤ ሳይጀመር ተነጋገሩ፣ ከጨረሱ በኋላ አትከራከሩ። ከዚያ በላይ ማመስገን ለሚፈልግ፣ ሲጠየቁ ሁልጊዜ የሚጠሩት ዕቃ አንድ ነው፦ ጥሩ የቢላ መሳያ ድንጋይ። የደነዘ ቢላ ይንሸራተትና እጅ ይቆርጣል። ሁለተኛው ጣውላ የሚታጠብበት በረኪና፣ ሦስተኛው የላስቲክ ጓንት። ጓንት ስትገዙ ልክክ የሚለውን ምረጡ፤ ጫፉ የተረፈ ሰፊ ጓንት በቢላ ሥር ከባዶ እጅ ይብሳል።