ከጊዮርጊስ እስከ ሥላሴ፦ የግማሽ ቀን ጉብኝቱ እንዴት ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የከተማ ጉብኝት ሄጄ ነበር። ከፒያሳ ተነስቶ አራት ኪሎ የሚያበቃ የግማሽ ቀን ፕሮግራም ነው። ጭብጡ ቤተ ክርስቲያንና ዘውድ ናቸው። ክርስትና የኢትዮጵያን መንግሥት እንዴት እንደቀረፀ በቦታው ላይ ቆሞ ማስረዳት ማለት ነው። ሥነ ዜጋ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ይህን ነገር በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬአለሁ። በእግሬ ሄጄ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ብቻዬን አልሄድኩም። የሒሳብ መምህርት የሆነች ባልደረባዬን ይዣት ሄድኩ። የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት። «እኔ ደግሞ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ብላኝ ነበር። አብራኝ ባትመጣ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም አይመስለኝም።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገር። የተቀጣጠርነው 2፡30 ላይ ነበር፤ መኪናው የመጣው 3፡10 ላይ ነው። ስልክ ደውሎ ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ለአንድ ሰው 900 ብር ከፍለን የሙዚየሙ መግቢያ ለብቻ ነው ተባልን። ይሄ ሲመዘገቡ ነው መነገር ያለበት። አንዲት የተማሪ እናት ከኛ ጋር ነበሩ፣ ሁለት ልጆች ይዘዋል። ቦርሳቸውን ሲፈትሹ ሳይ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሌላው የታደለን ወረቀት ነው። ባለ ሁለት ገጽ ነው፣ ሕትመቱም ያምራል። ዓመተ ምሕረቱ ግን ተደበላልቋል። የዓድዋ ድል 1888 ይላል፤ ልክ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ደግሞ 1930 ይላል። ይሄ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት እንኳ የለውም። ያንን ወረቀት ያነበበ ተማሪ ንጉሡ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ ዘውድ የጫኑ ይመስለዋል። አዘጋጆቹ ይህን ዛሬውኑ ቢያርሙት ደስ ይለኛል።

አስጎብኚያችን ግን የሚደነቅ ልጅ ነው። ታሪክ የተማረ፣ ለስላሳ፣ የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል። ምኒልክ አደባባይ ላይ ሐውልቱ ሥር አቆመንና አንድ ፕላስቲክ ፋይል ከፈተ። የሁለት የአክሱም ሳንቲሞች ፎቶ ነው። ሁለቱም የንጉሥ ኢዛና ናቸው። አንደኛው ላይ ጨረቃና ክብ አለ። ሁለተኛው ላይ በዚያው ቦታ መስቀል አለ። «መንግሥቱ ሃይማኖቱን መቀየሩን ለሕዝብና ለነጋዴ የተናገረው በገንዘቡ ነው» አለ። በድንጋይ ጽሑፎቹም እንደዚያው ነው። ቀደም ሲል ኢዛና ራሱን የማሕረም (ከክርስትና በፊት የነበረ የአክሱም አምላክ) ልጅ ይላል። በኋላ ድሉን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል። ይሄ 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ አድጎ በኋላ እስክንድርያ ሄዶ ከፓትርያርኩ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ። እምነቱ ከቤተ መንግሥት ተነስቶ ነው ወደ ሕዝቡ የወረደው። ይህን አንድ ነጥብ ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ ዓመታት ደክሜአለሁ። ልጁ በሁለት ፎቶ ጨረሰው።

ከዚያ ጊዮርጊስ ግቢ ገባን። ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ከዓድዋ ድል በኋላ በአፄ ምኒልክ ዘመን የታነፀ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ድረስ ዘምቷል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጥሎ ከነፃነት በኋላ ታድሷል። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ ግን ሀብታም ነው። ዘውዶች፣ የእጅ መስቀሎች፣ ጥላዎች፣ መቋሚያዎች አሉ። የንግሥት ዘውዲቱና የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ልብሶችም እዚያ ናቸው። ሁለቱም ዘውድ የጫኑት እዚሁ ግቢ ነውና። ልብሱ ፊት ስቆም ዝም አልኩ። የጦር መሪ ልብስ አይመስልም። የካህን ልብስ ነው የሚመስለው። ንጉሥ የሚሆነው ሰው ተቀብቶ ነው የሚነግሠው፤ ቅባቱ ከሌለ ሰውየው ገዢ ሊሆን ይችላል፣ ንጉሠ ነገሥት ግን አይሆንም። የሚቀባው ደግሞ ጳጳሱ ነው።

የጉብኝቱ ልብ እዚህ ላይ ነበር። አስጎብኚው ዘውዲቱ እንዴት እንደነገሡ ማስረዳት ጀመረ። መስከረም 17 ቀን 1909፣ የመስቀል ዕለት፣ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅና ወራሽ ልጅ ኢያሱ ተሻሩ። ሰልመዋል ተብለው ነው የተከሰሱት። መኳንንቱ ግን ለአፄ ምኒልክ ወራሻቸውን ላለመክዳት ምለው ነበር። ከመሐላው ሊፈታቸው የሚችለው አቡኑ ብቻ ነው። አቡነ ማቴዎስ አመነቱ፣ በመጨረሻ ፈቷቸው። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥቱ የተገለበጠው። የአንድ ጳጳስ ቃል ከጦር ሠራዊት በፊት መቅደም ነበረበት ማለት ነው። እኒሁ ጳጳስ ደግሞ ግብፃዊ ናቸው። ከአባ ሰላማ ጀምሮ እስከ 1943 ድረስ የኢትዮጵያ አቡን የሚላከው ከእስክንድርያ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1943 ነው፤ ፓትርያርክ የሆኑት በ1951። አንድ ነፃ አገር ንጉሡን የሚቀባለትን ሰው 1,600 ዓመት ያህል ከውጭ ሲያስመጣ መኖሩ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ባልደረባዬ ይህን ጊዜ እጇን አወጣች። ልክ እንደ ተማሪ።

«ወንድሜ፣ ኢያሱ በእውነት ሰልመው ነበር?»

«ክሱ ያ ነው እህቴ። የታሪክ ሰዎች ግን እስካሁን ይከራከሩበታል። ከሙስሊሞች ጋር ይቀራረቡ ነበር። ሃይማኖት መቀየራቸውን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።»

«አባታቸውስ?»

ልጁ ፈገግ አለ። የምትለው ገብቶታል። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ስማቸው መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ ነበር። በ1870 አፄ ዮሐንስ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። የቤተ ክርስቲያኗን የውስጥ ክርክር ዘጉ፣ የወሎ ሙስሊም ሹማምንትም እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ፣ ሥልጣናቸውንም ያዙ። እንቢ ያለ ሥልጣኑን አጣ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ። ባልደረባዬ «የኔ አያት አባት ያን ጊዜ ሸሽተው ነው ቆላ የወረዱት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዘጠኛችንም ሰማናት።

አባት እንዲሾሙ ተጠመቁ። ልጅ ሰለሙ ተብለው ተሻሩ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸውን ሊያስመልሱ ተዋግተው ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የካቲት 4 ዘውዲቱ እኛ በቆምንበት ግቢ ነገሡ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኔን እወዳታለሁ። ያን የንግሥ ልብስ ግን ከዚያ በኋላ በአንድ ዓይን ብቻ ማየት አልቻልኩም። አስጎብኚው ነገሩን አላለፈውም፣ አላለዘበውምም። አገሪቱ የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች የተቀበለች የነጃሺ አገር መሆኗን ጨመረ። «ይሄም የኛ ነው፣ ቦሩ ሜዳም የኛ ነው» አለ። ለዚህ መልሱ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ከዚያ ወደ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሄድን። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በፋሺስቶች የተረሸኑት ጳጳስ ናቸው። አርበኞችን አላወግዝም ነው ያሉት። እዚህ የመኪናው ጩኸት አስቸገረን። አስጎብኚው የያዛት ትንሽ ማይክ አትሰማም፤ ከኋላ የቆሙት ምንም አልሰሙም።

ሥላሴ ካቴድራል ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር እዚያ ነው። የንጉሡ አፅም በክብር ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው። ግቢው ውስጥ የአርበኞች መቃብር አለ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 የተረሸኑት ባለሥልጣናት መታሰቢያም አለ። እዚያ ጸሎት አደረስን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ጉብኝቱ አለቀ።

ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። ፓርላማው ከዚያ ሁለት እርምጃ ነው። ከግቢው በር ሆነህ ሰዓቱን ታየዋለህ። ስለ ሕግ ግን አንድ ቃል አልተነገረም። ይህ ጉብኝት ስለ እምነትና መንግሥት ከሆነ ሕጉ እንዴት ይቀራል? ፍትሐ ነገሥት የት አለ? ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመው፣ 51 አንቀጽ ያለው፣ ግማሹ ስለ ቤተ ክርስቲያን ግማሹ ስለ ዳኝነት የሚናገረው መጽሐፍ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እስከወጣበት እስከ 1923 ድረስ ሰው ይፈረድበት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይቆጥራል። የ1948ቱ ደግሞ በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ በመንግሥት እንደምትደገፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚሁ እምነት ተከታይ እንደሚሆኑ ደነገገ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች ለእኩልነት በዚህችው ከተማ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ባልደረባዬ ይህን ስነግራት «ይሄን ሰልፍ እንዴት ሳያነሱት ያልፋሉ?» አለችኝ።

ደርግ መጣና ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት ለየ። የሙስሊም በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ፤ ይሄ መልካም ነው። ግን በ1971 ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። መለየትና ማሳደድ አንድ አይደሉም። የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም ይላል። ሦስት አጭር ንዑስ አንቀጽ ናት። ከሳንቲሙ መስቀል ተነስቶ እዚህ ያልደረሰ ጉብኝት በእኔ ዓይን መንገድ ላይ ነው የቆመው።

ይህን ለአስጎብኚው ነገርኩት። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙን የሚያወጡት ቢሮ ያሉት ናቸው፣ ግን ከበሩ ላይ ቆሜ አምስት ደቂቃ ልጨምርበት እችላለሁ» አለኝ። ስልኬን ተቀበለ። የባልደረባዬንም ጠየቃት፤ ስለ አያቷ አባት ከቤተሰቧ የሰማችውን በደንብ ሊጽፍ ይፈልጋል። ሰጠችው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጠዋት ሂዱ፣ ነጠላ ያዙ፣ ጫማችሁ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። ለሙዚየሙ ለብቻ ብር ያዙ። ወደፊት ቆማችሁ አዳምጡ። ሌላ እምነት ያለው ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ እንዲጠይቅም ተዉት።

እኛ በሚቀጥለው ወር ከ11ኛ ክፍል 20 ተማሪዎች ይዘን እንመለሳለን። አንቀጽ 126ንና አንቀጽ 11ን በአንድ ወረቀት ላይ ግራና ቀኝ አድርጌ አትሜአለሁ። ከሥላሴ በር ላይ፣ ፓርላማውን እያዩ እንዲያነቡት ነው።