አዌቱ ወንዝ አጠገብ ላለው ወጣት መካኒክ ምስጋና፤ አሮጌ መኪና ላላችሁም ጥቆማ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የወንድሜ መኪና ሞተሯ ተነሥቶ፣ እግሬን ከቤንዚን መስጫው ላይ ካነሣሁ በኋላም ሳትንፈራገጥና ሳትጠፋ ጸጥ ብላ ስትሠራ ሰማሁ። ከእርሷ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ይህን ያደረገልኝ እዚሁ ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ በምትገኝ፣ ከቆርቆሮ አጥርና ከአንድ የዋንዛ ዛፍ ጥላ ሌላ ብዙም ነገር በሌላት ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብለት፣ አሮጌ መኪና ይዛችሁ የምትንከራተቱትንም ወደ እርሱ ልጠቁማችሁ ወደድሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራች ባለሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ ናት። የመጀመሪያዋ ሴሊካ የወጣችው በ1970 ሲሆን የእኔዋ የሁለተኛው ትውልድ ናት። ታላቅ ወንድሜ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ላይ ገዝቷት፣ እስኪያርፍ ድረስ እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠብቃት ኖሮ ነበር። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ወደ እጄ በመጣች በጥቂት ወራት ውስጥ ሚኒሞዋ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ለማቆም ፍጥነት ስቀንስ ትጠፋለች፤ ከኮፈኑ ሥር ያለማቋረጥ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፤ ፍሬኗ ደርቆ በሁለት እግሬ ካልረገጥሁት አይዝም። ወንድሜ «በራሪዋ» እያለ ይጠራት የነበረችው የስፖርት መኪና ዳገት ላይ በባጃጅ ስትቀደም ማየት፣ እውነቴን ነው፣ ያሳፍር ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፈው እንኳ ምሬቱ ይመለስብኛል። መጀመሪያ የወሰድሁበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንድ ብሎን በካቻቢቴ አዙሮ፣ ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ ሰጠኝ። መኪናዋ መጥፋቷን ተወች፤ ነገር ግን ቤንዚኑን እንደ ውኃ ትጠጣ ጀመር፤ ፉጨቱም ፍሬኑም እንደነበሩ ነበሩ። ቅሬታዬን ይዤ ስመለስ «አሮጌ መኪና ይዘሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» ተባልሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ ግን ከሁሉም ይብሳል። የተበላሸው ምን እንደሆነ ስጠይቅ ዋናው መካኒክ መልሱን የሚነግረው ለእኔ ሳይሆን አብሮኝ ለነበረው ለእህቴ ልጅ ነበር። ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። እኔ እጠይቃለሁ፣ ሰውየው ወደ ልጁ ዞሮ ይመልሳል፤ በመጨረሻም የመኪናው ባለቤት ራሱ ቢመጣ ይሻላል ብሎኝ አረፈው። ባለቤቷ እኔ መሆኔን ስነግረው ፈገግ አለ። ያን ዕለት ከሞተሩ ላይ አንድ ቀጭን ቱቦ አውጥተው በምትኩ ሆስፒታል ውስጥ ግሉኮስ የሚሰጥበትን ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ እንዳስገቡልኝ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው።

ተስፋ ቆርጬ መኪናዋን ከጅማ ውጭ ወዳለ አንድ ትልቅ ከተማ ወሰድኋት። እዚያ የሞተሩን የመምጠጥ ኃይል የሚለካ፣ ሰዓት የሚመስል መለኪያ ከሞተሩ ጋር አገናኙና መርፌው 12 አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አሳዩኝ። ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 22 ማሳየት አለበት፣ ስለዚህ ይህ ሞተር አልቋልና ወርዶ ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት አሉኝ። የጠየቁኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ በመምህር ደመወዝ የሚታሰብ አልነበረም። ለምርመራው ብቻ ከፍዬ፣ የግልገል ጊቤን አቅጣጫ ይዤ እንባዬን እየዋጥሁ ተመለስሁ።

ስለ ወጣቱ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ልሸጣት ቆርጬ ስለነበር የሄድሁት በግማሽ ልብ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይነካ ካየ በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል፣ ከሁለት ዓመት መንከራተት ወዲህ ከማንም ያልሰማሁት ቃል ነበር። «ቲቸር፣ እንደዚህ ዓይነት ሞተር ሠርቼ አላውቅም። ካልቸኮሉብኝ ግን እያንዳንዱ ቱቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ ተከትዬ አገኘዋለሁ» አለኝ። አላውቅም ማለት የሚችል ባለሙያ በማግኘቴ ብቻ ቁልፉን ሰጥቼው ልሄድ ስነሣ፣ «አይሂዱ፣ የመኪናዎን ችግር እርስዎም ይስሙት» ብሎ አስቆመኝ።

ከዚያም ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ አንሥቶ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ በሚሠራው ሞተር ላይ እያዘዋወረ፣ ልክ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ቀስ ብሎ ይፈልግ ጀመር። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። የጆሮውን ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ፤ ሌላውን ጫፍ ከያዘበት ሳያንቀሳቅስ «ይስሙ» አለኝ። በዚያ ሁሉ የሞተር ድምፅ መካከል ያ የለመድሁት ፉጨት ጆሮዬ ውስጥ ጥርት ብሎ ገባ። ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ከታች በኩል፣ ማሰሪያው ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቱቦውን ቆንጠጥ ሲያደርገው ፉጨቱ ጠፋ፣ የሞተሩም አረማመድ ወዲያው ተስተካከለ፤ ሲለቀው ተመልሶ መጣ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ወጣቱ ግን ሲያስረዳ የሚያየው እኔን ነበር።

ስለ ቀረው ሥራ ዝርዝሩን ልነግራችሁ አልችልም፤ አልገባኝምና። የያዝሁት እርሱ በገባኝ ቋንቋ የነገረኝን ነው። ሞተር አየር ሲስብ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል፤ ይህ ኃይል በቱቦዎቹ በኩል ፍሬኑን ለማቅለልና ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ሰዓት ለማስተካከል ይከፋፈላል። «የአቮካዶ ጁስ በተሰነጠቀ ስትሮ ቢጠጡ አየር እንጂ ጁስ አያገኙም፤ የእርስዎም ሞተር እንደዚያ ነው» አለኝ። የፍጥነት መቁጠሪያዋ በማይል መሆኑን አይቶም መኪናዋ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች መሆን አለባት፣ ቱቦው እንዲህ የበዛው በዚያ አገር የጭስ ሕግ ምክንያት ነው ብሎ ገመተ። የቱቦዎቹን መንገድ የሚያሳየው ሥዕል ኮፈኑ ሥር ተለጥፎ የነበረ ቢሆንም በቀለም ተሸፍኗል።

ሁለት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ቱቦ በፕላስተር ቁጥር እየሰጠ ተከተለ። ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ቦታቸውን ተለዋውጠው ተሰክተው አገኘ። ያ የግሉኮስ ቱቦ ደግሞ በሞተሩ ሙቀት ለስልሶ፣ በመምጠጡ ኃይል ተጣብቆ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሆኗል። አንዱ ቱቦ ጫፉ ላይ ብሎን ተሰክቶበት እንዲሁ ተደፍኖ ነበር! ብሎኑን በፒንሳ ነቅሎ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ገና ትኩስ ነበር። ማን እንዳስገባው አልጠየቀኝም፣ ማንንም አላማም፤ እኔ ግን በልቤ ብዙ ተናግሬያለሁ።

ቱቦዎቹን በደህና ጎማ ተክቶና ከፍ ተደርጎ የነበረውን ሚኒሞ ወደ ቦታው መልሶ ከጨረሰ በኋላ መለኪያውን ሲያገናኝ መርፌው 15 ላይ ምንም ሳይወዛወዝ ቆመ። የዚያ ከተማ ፍርድ ትዝ ብሎኝ ልቤ ወደቀ፤ «17 አልደረሰምኮ» አልሁት። «ያ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ አንድ ይቀነሳል ይላሉ። ጅማ ስንት ሜትር ላይ ናት፣ ቲቸር?» ሲል መለሰልኝ። ከ1,700 ሜትር በላይ እንደሆነች ነገርሁት፤ እርሱም ጣቶቹን ቆጥሮ አምስት ተኩል፣ ስድስት ያህል እንቀንስ አለ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ! ተማሪ ብሆን ኖሮ ያን ዕለት ከክፍል የምወጣ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት አብረን ወጣን። የቀደመን ባጃጅ የለም። ስንወርድ ፍሬኑን በአንድ እግሬ፣ ያውም በቀስታ ረገጥሁት፤ ያዘ። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ በዚያች መኪና ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያስከፈለኝ ገንዘብ ከዚያ ትልቅ ከተማ ለምርመራ ብቻ ከከፈልሁት ያንሳል። ከሒሳቡ ጋር ደግሞ በአንድ ሉክ ላይ የሠራውን የቱቦዎቹን ካርታ ሰጠኝ፤ ወደ ፍሬን የሚሄደው በቀይ፣ ወደ ብልጭታው የሚሄደው በሰማያዊ፣ ከታች ጥግ ላይ መግለጫ ሳይቀር ተቀምጦለታል። ብዙ የተማሪ ካርታ አርሜያለሁ፤ ይህን የመሰለ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። አሁን ከሊብሬው ጋር በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል፤ ወደፊት የሚነካት ሰው እንዳይሳሳት ነው ያለኝ።

ስሙንና ስልኩን እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ ቃሉን አክብሬያለሁ፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መንገዱን እጠቁማችኋለሁ። በተለይ መኪና ይዛችሁ ጋራዥ መግባት የሚያስጨንቃችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ እርሱ ዘንድ ሂዱ። ሞተራችሁ አልቋል የተባላችሁም፣ ከማስወረዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ አሳዩት፤ ደግሜ እላለሁ፣ አሳዩት። መኪናችሁን ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ ብታደርሱለት ይመርጣል። ከዚህ ቀደም ሌሎች አውጥተው የሰጧችሁ አሮጌ ቱቦ ካለም ሳትጥሉት ይዛችሁለት ሂዱ፤ ርዝመቱንና ጫፉን አይቶ የየት እንደነበረ ይለየዋል።