ልጅቷን አዳሪ ትምህርት ቤት እንላካት ወይስ እዚሁ ወረዳችን ትማር?

ስምንተኛን በጥሩ ውጤት ያለፈች ሴት ልጅ ያለን የጎጃም ወላጆች ጭንቀታችን ይሄው ነው። የእኔ ታላቋ ልጅ የማጣሪያ ፈተና አልፋ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ ታናሿ ወረዳ ከተማ ትማራለች።

ወጪ
አዳሪ፦ ክፍያው ከበድ ይላል፤ ትራንስፖርትም አለ።
ወረዳ፦ የቤት ኪራዩን ሦስት ተማሪዎች ሆነው ይጋራሉ፤ ስንቁ ከቤት ነው።

የጥናት ጊዜ
አዳሪ፦ ማታ ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ያጠናል። ወንድ ስለሌለ ፊዚክስ ላይ እጇን ቀድማ ታወጣለች።
ወረዳ፦ ታናሿ ቅዳሜ በእግሯ መጥታ እሑድ እንጀራና ሽሮዋን ተሸክማ ትመለሳለች። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል። ውኃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ ደብተር ስትከፍት እንቅልፍ ይጥላታል። ይህ አንጀቴን ይበላኛል።

ጫና
አዳሪ፦ ሁሉም ጎበዝ ነው። አንደኛ የነበረችው ልጄ 23ኛ ወጥታ በስልክ አለቀሰች።
ወረዳ፦ አንደኛ ናት። ግን በ2015 ዓ.ም. አገር አቀፍ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የክፍል ደረጃ አያዘናጋ።

ራሷን የቻለች፣ የቤት ውስጥ ሥራ የሚበዛባት ልጅ ከሆነች አዳሪ ይሻላታል። ናፍቆት የማትችል ከሆነችና ከተማ ዘመድ ካላት እዚሁ ትማር። ከሁሉ በፊት ግን ራሷን ጠይቋት።