በግሪክ ደሴት ወደብ ለአንድ ቀን፦ ግንቡ ላይ ማሰር ወይስ ባሕሩ ላይ መልህቅ መጣል?

10 ሜትር ገደማ በሆነች የሸራ ጀልባ የኤጂያን ደሴቶችን ሲዞሩ፣ ውሃ ለመቅዳትና አስቤዛ ለመሸመት ወደብ መግባት አይቀርም። ጥያቄው ጀልባዋ የት ትቁም ነው፦ ኋላዋን ለወደቡ ዳርቻ ግንብ ሰጥታ ታስራ፣ ወይስ ከግንቡ ራቅ ብላ በመልህቅ ብቻ?

ወጪ
ግንብ፦ የወደብ ክፍያ አለው፤ ውሃና መብራት ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈላል።
ባሕር፦ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ።

ድካም
ግንብ፦ ከታሰሩ በኋላ ዳቦ ቤቱ ደጅ ላይ ነው። ማሰሩ ግን ሥራ አለው። ጀልባዋን ከግጭት የሚከላከሉትን ትራሶች በሁለቱም ጎን አስቀድሞ ማንጠልጠል፣ ከግንቡ ከ3 እስከ 4 የጀልባ ርዝመት ርቆ ከአፍንጫዋ መልህቅ መጣል፣ የመልህቁን ሰንሰለት እየለቀቁ በኋላ ማርሽ ወደ ግንቡ መጠጋት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ገመድ መጀመሪያ ማሰር፣ በመጨረሻ ሰንሰለቱን መወጠር። የሚበላሸው ሰንሰለቱ መሃል ላይ ሲያዝ ነው፤ ጀልባዋ ቀጥ ትላለች፣ ነፋሱም አፍንጫዋን ወደ ጎረቤት ይገፋዋል።
ባሕር፦ መጣሉ ቀላል፣ ኑሮው አድካሚ። እያንዳንዱ 20 ሊትር ጀሪካን በጎማ ጀልባ ይመላለሳል።

አደጋ
ግንብ፦ ሰንሰለቶች ይቆላለፋሉ፤ ጎረቤት ሲወጣ የእርስዎን መልህቅ ነቅሎ ይሄዳል። መርከብ ሲያልፍ የሚያስነሳው ማዕበልም አለ፤ የኋላዋን ከግንቡ አንድ ሜትር ተኩል ያርቁ።
ባሕር፦ ጥልቀቱ 5 ሜትር፣ አፍንጫዋ ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ 30 ሜትር ሰንሰለት ይልቀቁ። መልህቅ አሸዋ ይወዳል፤ የባሕር ሣር ላይ ይንሸራተታል።

ታንከሩ ባዶ ከሆነ ወይም ልጆችና አረጋውያን ካሉ ግንቡ ይሻላል። በሐምሌና ነሐሴ መልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ከጎን የሚመታው ግንብ ከሆነ ግን፣ የተከለለ ባሕረ ሰላጤ ፈልጎ አንድ ሰው ጀልባዋ ላይ መተው ነው።