በጥር የሚሸጥላችሁን የዓሣ ነባሪ ጉዞ አትግዙ

ሰርጋችሁን ለጥር የቆረጣችሁ ሙሽሮች፣ ለሙሽሮች ስጦታ ገንዘብ የምታዋጡ ዘመዶችና ሚዜዎችም፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የሰርግ ወቅት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞር የጫጉላ ሽርሽር ጥቅል አለ። ሞምባሳ፣ ዋታሙ (ሁለቱም የኬንያ ዳርቻ ናቸው) ወይም ዛንዚባር ይላል፤ ከዚያ በትልልቁ «በጀልባ የሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ማየት ተካትቷል» ብሎ ይጨምራል። የአውሮፕላን ቲኬቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ሆቴሉም አለ፣ ጀልባውም ይወጣል። የሌለው ዓሣ ነባሪው ነው። ዋጋውን ያስወደደውም እሱ ነው።

በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር ዳርቻ የሚታዩት ሃምፕባኮች ዓመቱን በሁለት ቦታ ከፍለው ይኖራሉ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በደቡቡ የዓለም ክፍል በጋ ነው፤ በዚያን ጊዜ አንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ክሪል የሚባለውን ሽሪምፕ መሰል ትንሽ ፍጥረት እየተመገቡ ስብ ያከማቻሉ። ክረምቱ ሲገባባቸው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተጉዘው በሞቃቱ ውኃ ይወልዳሉ፣ ይራባሉ። እዚያ ሳሉ የሚበሉት እምብዛም ስለሌለ ያከማቹትን ስብ እያነደዱ ይቆያሉ፤ ግልገሉ ሲጠነክር ተመልሰው ይወርዳሉ። ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የሚታዩበት ጊዜ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ በማዳጋስካር ሴንት ማሪ ደሴትም ወቅቱ ያው ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ነው፣ ፍልሰታም ይውልበታል፣ ሰርግ የሚያስብ ሰው የለም። በጥር ደግሞ ድንኳኑ ሁሉ ሲተከል ሃምፕባኮቹ አንታርክቲካ ናቸው። ሻጩ ሙሽሮች ገንዘብ የሚያወጡበትን ወር አይቶ ነው ማስታወቂያውን የለጠፈው።

አንድ የተለየ መንጋ እንዳለ የሚያውቅ ሻጭ ሊከራከራችሁ ይችላል። የማይሰደዱ ሃምፕባኮች በዓረብ ባሕር፣ በተለይ በኦማን ዳርቻ አሉ፤ እውነት ነው። ግን ቁጥራቸው ከ100 በታች እንደሆነ ይገመታል፣ ያሉትም ኦማን እንጂ ሞምባሳ አይደለም።

ወቅቱን ጠቅሳችሁ ስትጠይቁ ከሚሰጡት መልሶች ሦስቱን ለይታችሁ እወቁ።

በጣም አሳሳቹ «ሃምፕባክ እዚያ ዓመቱን ሙሉ አለ» የሚለው ነው። ሃምፕባክ ዶልፊን የሚባል ሌላ እንስሳ አለ፤ ዛንዚባር ኪዚምካዚ አካባቢም ሆነ በኬንያ ኪሲቴ ባሕር ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ትልቁ ከ3 ሜትር አያልፍም። ማስታወቂያው ላይ ከውኃ ወጥቶ ሲዘል የምታዩት ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ግን ከ13 እስከ 15 ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 30 ቶን ይመዝናል፣ የጎን ክንፉ ብቻ የሰውነቱን ሲሶ ያህላል። ዶልፊን ማየት በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው፤ የግማሽ ቀን የዶልፊን ጉዞ በዓሣ ነባሪ ዋጋ መሸጥ ግን ማታለል ነው። «ዶልፊን ወይስ ዓሣ ነባሪ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሁለተኛው ጅቡቲን ያመጣል። «በጥርም ዓሣ ነባሪ አለ፣ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው» ይላችኋል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ አጠገብ፣ ከኅዳር እስከ ጥር የሚታየው ዌል ሻርክ ነው፤ «ዌል» በእንግሊዝኛ ዓሣ ነባሪ ማለት ስለሆነ ስሙ ያሳስታል። ዌል ሻርክ በስንጥቡ የሚተነፍስ ዓሣ ነው፤ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ከውኃ አይዘልም፣ ትንፋሹንም ወደ ላይ አይረጭም። ዓሣ ነባሪ ግን በሳንባው የሚተነፍስ፣ ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው፤ ጅራቱ ጠፍጣፋ ተኝቶ ላይና ታች ይመታል። ጅቡቲ የሚመጡት ዌል ሻርኮች አብዛኞቹ ከ3 እስከ 6 ሜትር የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ ሰው የሚያያቸውም መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው። መዋኘት የማይችል ሰው ከጀልባ ላይ የሚያየው ጥላ ነው። በጥር ከአገር ወጥቶ የባሕር እንስሳ ማየት ለሚፈልግ ዋናተኛ ግን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ በስሙና በዋጋው ከተሸጠ ግዙት።

ሦስተኛው የቀን አጻጻፍ ነው፤ ሁልጊዜ ተንኮል ላይሆን ይችላል። ከውጭ ድርጅት የተገለበጠ ጽሑፍ «ወቅቱ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ወር» ይላል። እሱ የፈረንጆቹን ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ማለቱ ነው። በእኛ ቆጥሮ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ያለ ሰው የሚደርሰው የባሕሩ ዳርቻ ዋና ዝናብ ሲወርድ ነው፤ ዓሣ ነባሪም የለም። ውሉ ላይ ወሩ በስሙ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ፎቶና ቪዲዮ ማስረጃ አይሁናችሁ። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ በጉግል የምስል ፍለጋ አስገቡት፤ ብዙ ጊዜ አውስትራሊያ ወይም አላስካ የተነሣ ሆኖ ይገኛል። የዚያኑ ጀልባ፣ ቀን የተጻፈበት፣ ያለፈው ጥር ላይ የተነሣ የዓሣ ነባሪ ቪዲዮ ጠይቁ። ካላመጣ ንግግሩ አልቋል።

ጉዞውን ከልባችሁ የምትፈልጉት ከሆነ ለክረምት አዛውሩት፤ ሰርጉ በጥር፣ ሽርሽሩ በሐምሌ ቢሆን ማንም አይቀየማችሁም። ግን ማስታወቂያው ላይ ያለው ረጋ ያለ ሰማያዊ ባሕር በክረምት እንደማይጠብቃችሁ እወቁ። በዚያ ዳርቻ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚነፍሰው ካስካዚ የሚባል ነፋስ ባሕሩን ያረጋዋል፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ግን ሞገዱን ያነሣል። ዓሣ ነባሪው የሚመጣው በኩሲ ነው። ስለዚህ ማቅለሽለሽ የጉዞው አካል ነው፤ ባሕር ለማያውቅ የደጋ ሰው ደግሞ ይብሳል። ዳይመንሃይድሪኔት የመሰለ መድኃኒት ከመሳፈር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ከተሳፈሩና ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። እንቅልፍ ያመጣል፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቁ አትዋጡት። በባዶ ሆድ መሳፈር ነገሩን ያባብሳል። የፍልሰታ ጿሚዎች ይህንን አስቀድማችሁ አስቡበት፤ ጀልባ የሚወጣው በማለዳ ነው፣ የጾሙ ሰዓት እስኪፈታ የሚጠብቅ ካፒቴን የለም፤ ከነሐሴ 16 በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላችኋል። የምትቀመጡት ከጀልባው መሐል ይሁን፣ ዓይናችሁም ሰማይና ባሕር የሚገናኙበት መስመር ላይ።

በወቅቱም ቢሆን «መቶ በመቶ እናሳያችኋለን» የሚል ሰው አይታመንም። እንስሳው ጠልቆ ደቂቃዎች ይቆያል፣ በሌላ አቅጣጫ ይወጣል፣ ሞገድ ሲበዛ ትንፋሹ እንኳ አይለይም። ጨዋ ድርጅት ካላሳያችሁ የሚሰጠው ሌላ ቀን በነጻ መሳፈር ነው፤ ያ ደግሞ እዚያው ለሚኖር ሰው እንጂ ከጎንደር በርሮ ለሄደ ሰው ምንም አይደለም። ስለዚህ አንድ የጀልባ ቀን ብቻ ያለበትን ጥቅል ትታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ማለዳ የያዘውን ፈልጉ። «የ8 ሰዓት የባሕር ጉዞ» ሲባልም ሰዓቱን ዘርዝራችሁ ጠይቁት፤ ከሆቴል ወደብ መንገዱ፣ ምሳው፣ ኮራል ማየቱ ሲቀነስ ዓሣ ነባሪ የሚፈለግበት ስንት ሰዓት ነው? ሆቴሉ ሞምባሳ፣ ጀልባው ዋታሙ ከሆነ ደግሞ መሐሉ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አብሮ መዋኘትን ወይም «እስክትነኩት ድረስ እናስጠጋለን» የሚለውን ቃል የሚሰጥ ድርጅት ዘንድ ፈጽሞ አትሂዱ። በብዙ አገሮች ጀልባ ከዓሣ ነባሪ 100 ሜትር ያህል እንዲርቅ፣ ግልገል ካለ የበለጠ እንዲርቅ፣ ከፊት ለፊቱ እንዳይገባ፣ ከኋላም እንዳያሳድድ ይጠበቃል። እናቲቱ ሳትበላ ነው የምታጠባው። ጀልባ ባባረራት ቁጥር ለግልገሏና ለመልስ ጉዞዋ የያዘችውን ጉልበት ትጨርሳለች። ለእናንተም አደጋ ነው፤ በ30 ቶን እንስሳ ጅራት ሥር የምትሆን ትንሽ ጀልባ መከላከያ የላትም። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት፣ ሁለት ሞተር፣ የሚሠራ ሬዲዮ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ጥቅሉ የማይነግራችሁ ወጪም አለ። ዋታሙና ኪሲቴ የባሕር ፓርኮች ናቸው፤ የመግቢያ ክፍያው ለውጭ ዜጋ ከአገሬው ይበልጣል፣ ብዙ ጊዜም «አልተካተተም»። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ክፍያ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የቲን ቁጥሩን ተቀብላችሁ በንግድ ሚኒስቴሩ የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፤ ፈቃዱ መታደሱን፣ የሥራ ዘርፉም አስጎብኚነት መሆኑን ታያላችሁ። በግለሰብ ስልክ ቁጥር በቴሌብር ላኩ ከተባላችሁ አትላኩ፤ ገንዘቡ በድርጅቱ ስም ይግባ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ውሉ ውስጥም «የጉዞው ዓላማ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ በሚታይበት ወቅት ባሕር መውጣት ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ። በጥር የሚሸጥ ሰው ይህን አይፈርምም፤ ማንነቱን የምታውቁት ያን ጊዜ ነው።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ከበረራው በፊት ተንቀሳቀሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ «እንስሳ ነው፣ ዕድላችሁ ነው» ከማለት በቀር የሚሰጣችሁ መልስ የለም። ማስታወቂያው ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሡ፣ ቀኑና የገጹ ስም ይታይ። ከዚያ ለድርጅቱ በጽሑፍ፣ ጉዞው ወደ ሐምሌ ወይም ነሐሴ መጨረሻ እንዲዛወር፣ ካልሆነ ገንዘቡ እንዲመለስ ጠይቁ። የአየር ቲኬቱ ቀን መቀየሪያ ክፍያ ሊኖረው ስለሚችል ማን እንደሚሸፍነው እዚያው ላይ ይስፈር። እምቢ ካለ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላልና አቤቱታችሁን ለከተማው ንግድ መምሪያ አስገቡ። ውሉን፣ ደረሰኙንና ስክሪንሾቱን በኮፒ አያይዙ፤ ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀን ያለበት የገቢ ማኅተም አስመቱ።