የወደቀ ወጣት መኮንን መቃብር ፍለጋ፦ የኮመንዌልዝ የጦርነት መቃብሮች ኮሚሽን ድረ ገጽ

የድረ ገጹ አገልግሎት በነጻ ነው፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ለብሪታንያና ለኮመንዌልዝ (ለያኔ ግዛቶቿ) ጦር ሲያገለግሉ የሞቱ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተመዝግበውበታል። አይሪሽ ጋርድስ የተባለው የብሪታንያ እግረኛ ጦር መኮንን ጆን ኪፕሊንግን እንመልከት፤ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ በሎስ ውጊያ በ18 ዓመቱ የወደቀ ልጅ ነው።

መጀመሪያ የቤተሰብ ስምና ጦርነቱን ብቻ ይሙሉ። ብዙ መዝገብ የሚይዘው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ስለሆነ ሙሉ ስም የጻፈ ሰው ባዶ ገጽ ይገጥመዋል። ማዕረግም አያስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የመቃብሩ አድራሻ በሮማ ቁጥር ይጀምራል፦ የኪፕሊንግ VII. D. 2. ነው፤ ማለትም ክፍል 7፣ ረድፍ ዲ፣ መቃብር 2።

ትልቁ ሀብት ከሟቹ መዝገብ ገጽ ታች የተያያዙት የቀብር ሰነዶች ናቸው፤ ማንም እንዳያልፋቸው። ኪፕሊንግ ለዓመታት ስሙ የነበረው መቃብራቸው ባልታወቀ ሰዎች የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. የአንድ ያልታወቀ መቶ አለቃ መቃብር የእሱ ነው ተባለ። እሱ ግን ሲዋጋ ምክትል መቶ አለቃ ነበርና ክርክሩ ብዙ ቆየ። አስከሬኑ የተገኘበትን ቦታና ማዕረጉን ራስዎ ከሰነዱ ማመሳከር መቻልዎ አገልግሎቱን ከሁሉ በላይ ያስወድደዋል።

አዲስ አበባ ያለው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብርም በዚሁ መንገድ ይፈለጋል።