ከሦስት ሸራዎች በኋላ፦ ለቤት ሲኒማ የመረጥኩት ባለ 100 ኢንች ቋሚ ስክሪን

አዲስ አበባ ባለው ቤታችን ከጓሮ በኩል የሚገኘውን፣ ቀድሞ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን 4.20 በ5 ሜትር ክፍል ለፊልምና ለእግር ኳስ መመልከቻ ካዋልኩት ሦስት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ፕሮጀክተሩ ያው አንዱ ሲሆን ሸራው ግን ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ ፕሮጀክተር ላይ ያወጣና ስክሪኑን በተረፈው ብር ይገዛል፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዛሬ የምገመግመው አሁን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጭ፣ የማያብለጨልጭ፣ በአሉሚኒየም ፍሬም የተወጠረ ቋሚ ስክሪን ነው፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ ለምን እንዳልሆኑልኝ ካልተናገርኩ የዚህኛው ጥቅም አይታይም።

የመጀመሪያው በእጅ ተስቦ የሚወርድ፣ ለስብሰባ አዳራሽ የሚሸጠው ዓይነት ነበር። ባለሱቁ «100 ኢንች ነው» ብሎ ሸጠልኝ፤ እውነትም 100 ኢንች ነበር። ነገር ግን ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ ስለ ሸራው ቅርጽ የሚናገረው ነገር የለም። የእኔው 4 ለ 3 ቅርጽ ያለው፣ ወርዱ 203፣ ቁመቱ 152 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ ነበር። የዛሬ ፊልምና ስርጭት የሚመጣው በአብዛኛው በ16 ለ 9 ቅርጽ ወይም ከዚያ በሰፋ መልክ በመሆኑ፣ ምስሉ ወርዱን ሞልቶ ሲያበቃ ከላይና ከታች በድምሩ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነጭ ጨርቅ ባዶውን ይቀራል፤ የማየው ምስል በሰያፍ 92 ኢንች ብቻ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ኢንቹን ብቻ ሳትሰሙ ወርዱንና ቁመቱን በሜትር አስለኩ። 16 ለ 9 የሆነ ባለ 100 ኢንች ስክሪን ወርዱ 221፣ ቁመቱ 125 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት።

ሁለተኛው በሞተር የሚወጣና የሚወርድ፣ ቅርጹም ትክክለኛ የሆነ፣ ዋጋውም ጠንከር ያለ ነበር። የመረጥኩት በማሸጊያው ላይ ጌይኑ 1.8 ነው የሚል ጽሑፍ ስላየሁ ነው። ጌይን ማለት ሸራው ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው የሚመልሰው ብርሃን፣ ብርሃንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚበትን መለኪያ ነጭ ገጽ ጋር ሲነጻጸር የሚያሳየው ልክ ነው። ቁጥሩ ከ1 ሲበልጥ ሸራው ብርሃን ጨመረ ማለት አይደለም፤ ወደ ጎን ሊሄድ የሚገባውን ሰብስቦ ወደ መሃል ላከው እንጂ። ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ነው። እርሷ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከሶፋው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ነው። እኔ መሃል ላይ ሆኜ ድምቀቱን ሳደንቅ፣ «ልጄ፣ እኔ ጋ እኮ ጨልሟል» አለችኝ። ተነሥቼ እርሷ ቦታ ብቀመጥ ምስሉ በእርግጥ ደብዝዟል፤ የሸራው መሃል ደግሞ ከዳርና ዳሩ ይልቅ ጎልቶ ያበራ ነበር። ቤተሰብ ጎን ለጎን ተደርድሮ ለሚያይበት ክፍል ከፍተኛ ጌይን አይስማማም የምለው ከዚያች ምሽት ወዲህ ነው።

የዚያው ሸራ ሌላው ጉድለት ጥቂት ወራት ቆይቶ መጣ። ጨርቁ ከታች ባለው ዘንግ ክብደት ብቻ የሚወጠር እንጂ ከጎንና ከጎን በገመድ የሚሳብ ስላልነበረ፣ ተጠቅልሎ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ ዳር ዳሩ ሞገድ አወጣ። በፊልም ላይ ብዙም አይታይም ነበር። በእግር ኳስ ላይ ግን ካሜራው ከግብ እስከ ግብ ሲዞር የሜዳው ነጭ መስመር እየተጣመመ ያልፋል፤ አንዴ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማየት ያስቸግራል። ክፍላቸው ለሌላ ሥራም ስለሚውል ተጠቅላይ ሸራ የግድ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች፣ ዋጋው ቢወደድም በሁለቱም ጎን የመወጠሪያ ገመድ ያለውን እንዲገዙ እመክራለሁ።

አሁን ያለው ቋሚ ስክሪን ጌይኑ 1.0 ነው። ከእናቴ ቦታም ከእኔም ቦታ ምስሉ እኩል ይታያል፣ ገጹ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ በመሆኑ የሜዳው መስመር ቀጥ ብሎ ያልፋል። ፍሬሙ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥቁር ከፋይ የተሸፈነ ነው። ከፋዩ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከምስሉ ጠርዝ ትንሽ ያለፈውን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል፣ ከጥቁሩ ክፈፍ አጠገብም ምስሉ ይበልጥ ደምቆ ይታያል። መጀመሪያ ሰሞን ክሬም በተቀባው ግድግዳ ላይ አይ ስለነበረ የቀለሙ ልዩነት በጣም አስገርሞኛል። የሰዎች ፊት ከግድግዳው ያገኘው የነበረው ቢጫነት ጠፍቷል።

ለምን 120 ኢንች አልገዛህም ያሉኝ አሉ። ግድግዳው ይችላል፤ ወርዱ 266 ሴንቲ ሜትር ነው። ሆኖም የ120 ኢንች ስክሪን ስፋት ከ100 ኢንቹ በ44 በመቶ ስለሚበልጥ፣ ያው ፕሮጀክተር የሚሰጠው ብርሃን በዚያው ልክ ይሳሳና ድምቀቱ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ከመቀመጫው ርቀት አንጻርም ሲታይ፣ ምስሉ በተመልካቹ ዓይን ፊት ከ30 እስከ 40 ዲግሪ እንዲይዝ ይመከራል፤ ለ100 ኢንች ይህ ማለት ከ3 ሜትር እስከ 4.10 ሜትር ያለው ርቀት ነው። የእኔ ሶፋ 3.30 ሜትር ላይ ስለሆነ መጠኑ ልክ ገጥሟል። የምስሉን ታችኛ ጠርዝ ከወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ሰቅየዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲሰቀል አንገት ያደክማል።

በዚህ ግምገማ አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ሸራው ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍሉ ነው። ነጭ የማያብለጨልጭ ሸራ የሚቀበለውን ብርሃን ሁሉ ወደ ክፍሉ ይበትናል፤ ኮርኒሱና ግድግዳው ነጭ ከሆኑ ያንኑ ብርሃን መልሰው ሸራው ላይ ያፈሱትና የምስሉ ጥቁር ወደ ግራጫ ይለወጣል። ስክሪኑን በሰቀልኩበት ሳምንት ያየሁት ምስል ደህና ነበር። ከሸራው አንሥቶ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚሆነውን የኮርኒሱንና የጎን ግድግዳዎቹን ክፍል በማያብለጨልጭ ጥቁር ግራጫ ቀለም አስቀብቼ፣ መስኮቱ ላይ ባለ ገበር ወፍራም መጋረጃ ከሰቀልኩ በኋላ ያየሁት ግን ሌላ ፕሮጀክተር የገዛሁ ያህል ነበር። የቀለሙ ወጪ ከሸራው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ክፍላቸውን ማጨለም የማይችሉ፣ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ቀን በብርሃን የሚያዩ ሰዎች የክፍሉን ብርሃን የሚከላከለውን ልዩ ሸራ ቢያስቡ ይሻላቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከግድግዳው ሥር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ ለሚያበሩ አጭር ርቀት ፕሮጀክተሮች የተሠራው ዓይነት፣ ከታች የሚመጣውን ብርሃን ወደ ተመልካቹ መልሶ ከላይ የሚመጣውን የሚውጥ ጥቃቅን መስመር ያለው ገጽ ነው። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ፕሮጀክተር ያለው ሰው ይህን ከገዛ፣ ሸራው የራሱን ፕሮጀክተር ብርሃን እንደ አምፖል ብርሃን ቆጥሮ ይውጥበታል።

የቋሚው ስክሪን አገጣጠም ሁለት ሰው ይጠይቃል። ጨርቁን ከአንድ ጥግ ጀምሮ መወጠር ያሸበሽበዋል፤ መጀመሪያ የአራቱን ጎን መሃል፣ ቀጥሎ ተቃራኒ ጎኖችን እያፈራረቁ ወደ ጥግ መሄድ ነው። ግድግዳችን ብሎኬት በመሆኑ ድሪሉ ክፍቱ ቦታ ላይ ሲገባ ተራ ፊሸር አልያዘም፣ ለክፍት ብሎኬት የሚሆነውን ረጅሙን ፊሸር ፈልገን ነው በውሃ ልክ አስተካክለን የሰቀልነው።

ያገኘሁበት ጉድለት ሁለት ነው፦ የሸራው የፕላስቲክ ሽታ እስኪጠፋ መስኮት ከፍቼ ሁለት ሳምንት ጠብቄያለሁ፣ ከመወጠሪያ ሞላዎቹም ሁለቱ ሲገጠሙ ተሰብረው መለዋወጫ በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሣጥኑን አስከፍታችሁ ሞላዎቹን ቁጠሩ፤ ጨርቁም በቱቦ ላይ የተጠቀለለ እንጂ የታጠፈ አለመሆኑን እዩ፤ የታጠፈበት መስመር የቱንም ያህል ቢወጠር ቶሎ አይለቅም።